በሰከንድ 40 ሚሊዮን ጊዜ «ይለፍ» ወይስ «ይውደቅ»? የራሳችሁን ትንሽ ትሪገር በላፕቶፕ ስሩ

ጄኔቫ አጠገብ፣ በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር ስር፣ 27 ኪሎ ሜትር የሚዞር ቀለበት አለ። ስሙ ኤልኤችሲ ነው፤ የሚያስተዳድረው ሰርን የሚባለው የአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ምርምር ተቋም ነው። በውስጡ የፕሮቶን ጥቅሎች በተቃራኒ አቅጣጫ እየበረሩ በየ25 ናኖሰከንዱ ይገናኛሉ። በ25 ናኖሰከንድ ውስጥ ብርሃን እንኳ የሚጓዘው 7.5 ሜትር ብቻ ነው። ሲኤምኤስ የሚባለው ዲቴክተር፣ ማለትም ከግጭቱ የሚወጡትን ቅንጣቶች የሚመዘግበው መሳሪያ፣ ደግሞ 21 ሜትር ይረዝማል። ስለዚህ ከአንዱ ግጭት የተፈናጠሩት ቅንጣቶች ገና ከዲቴክተሩ ሳይወጡ ቀጣዩ ግጭት ከች ይላል።

የአንድ የጥቅሎች ግንኙነት መረጃ፣ ማለትም የአንድ ኩነት መረጃ፣ 1 ሜጋባይት አካባቢ ነው። በሰከንድ 40 ሚሊዮን ጊዜ ሲባዛ 40 ቴራባይት በሰከንድ ይሆናል። ይህን ሁሉ መዝግቦ የሚያስቀምጥ የለም። ስለዚህ አብዛኛውን ወዲያው መጣል ግድ ነው። የሚጣለውንና የሚቀረውን የሚወስነው ስርዓት ትሪገር ይባላል። ጤፍ ስትነፉ ወንፊት ላይ የቀረውን መልሳችሁ ማየት ትችላላችሁ። እዚህ ግን የወደቀው ወደቀ ነው፤ ተመልሶ አይገኝም።

ከታች ያለው ደረጃ በደረጃ መመሪያ እውነተኛ የሲኤምኤስ መረጃ ተጠቅማችሁ ትንሽ ትሪገር እንድትሰሩ ነው። ፓይተን ትንሽ የምትሞክሩና የ12ኛ ክፍል ፊዚክስ ያልረሳችሁ ከሆናችሁ ይበቃል።

ደረጃ 1፦ በጀታችሁን እወቁ

ሁለት በጀት አለ፦ የጊዜና የብዛት።

ሲኤምኤስና ሌላው የኤልኤችሲ ትልቅ ዲቴክተር አትላስ ሁለት እርከን ያለው ትሪገር ይጠቀማሉ። የመጀመሪያው እርከን ሃርድዌር ነው። በዋናነት ኤፍፒጂኤ በሚባሉ፣ ገመዳቸውን በፕሮግራም መልሳችሁ በምታቀናጁላቸው ቺፖች ይሰራል። በሲኤምኤስ ለውሳኔ ያለው ጊዜ 4 ማይክሮሰከንድ አካባቢ ነው። 4 ማይክሮሰከንድ ለ25 ናኖሰከንድ ሲካፈል 160 ይመጣል። ማለትም አንዱ ኩነት ፍርዱን እስኪያገኝ ድረስ ከኋላው 160 ያህል ሌሎች ይሰለፋሉ። የሁሉም መረጃ ዲቴክተሩ ላይ ባለ ጊዜያዊ ሜሞሪ ውስጥ ተራውን ይጠብቃል። ሰዓቱ ካለፈ ሜሞሪው በአዲስ ይሞላል። ትሪገራችሁ «ቆይ፣ ትንሽ ላስብበት» የማለት መብት የለውም።

የብዛቱ በጀት ደግሞ ይህ ነው፦ ከመጀመሪያው እርከን በሰከንድ ከ100 ሺህ በላይ ማለፍ የለበትም። ሁለተኛው እርከን ተራ ሶፍትዌር ነው፤ በኮምፒውተር ማዕከል ውስጥ ይሰራል፣ 100 ሺውን ወደ ጥቂት ሺህ ያወርደዋል።

ደረጃ 2፦ የምትፈልጉት ነገር በሰከንድ ስንቴ እንደሚመጣ አስሉ

ብዙ ሰው ይህን ደረጃ ዘሎ በቀጥታ ኮድ መጻፍ ይጀምራል። ከዚያ መቁረጫ ነጥቡን፣ ማለትም የሚያልፈውን ከሚወድቀው የሚለየውን ቁጥር፣ የት እንደሚያደርግ ግራ ይገባዋል።

ስሌቱ ቀላል ነው፦ የጨረሩን ድምቀት (ፕሮቶኖቹ ምን ያህል ታጭቀው እንደሚገናኙ የሚነግር ቁጥር) ፊዚክሱ ከሚሰጠው የመከሰት ስፋት (የአንድን ክስተት ዕድል በካሬ ሴንቲ ሜትር የሚገልጽ ቁጥር) ጋር ታባዛላችሁ። ኤልኤችሲ በሙሉ ኃይሉ ሲሰራ ድምቀቱ 2 ሲባዛ 10 ለ34ኛ፣ በካሬ ሴንቲ ሜትር በሰከንድ ነው። በዚህ ሁኔታ በግርድፉ የሚወጣው እንዲህ ነው።

የፕሮቶን ግጭት በጠቅላላ፦ በሰከንድ 1.6 ቢሊዮን (ሁለት ጥቅሎች አንዴ ሲገናኙ ብዙ ፕሮቶኖች ስለሚጋጩ ከ40 ሚሊዮን ይበልጣል)።
ደብልዩ ቦዞን (ወዲያው የሚፈርስ ከባድ ቅንጣት) ሆኖ ወደ ሙዮን (የኤሌክትሮን ከባድ ዘመድ) የሚፈርስ፦ በሰከንድ 400።
ዜድ ቦዞን ሆኖ ወደ ሁለት ሙዮን የሚፈርስ፦ በሰከንድ 40።
ሂግስ ቦዞን፦ በሰከንድ 1 ገደማ።

ሂግስ በሰከንድ አንድ ሲባል ብዙ ይመስላል። ግን በ2012 ግኝቱ ሲታወጅ ወሳኝ ከነበሩት መንገዶች አንዱ፣ ወደ አራት ኤሌክትሮኖች ወይም ሙዮኖች የሚፈርሰው፣ ከ8 ሺህ ሂግስ አንዱ ብቻ ነው። ይህ በሁለት ሰዓት ውስጥ አንድ ማለት ነው። ያንን አንዱን ትሪገራችሁ ከጣለው ሌላ ሁለት ሰዓት ትጠብቃላችሁ፤ በነዚያ ሁለት ሰዓታት ደግሞ ከ10 ሺህ ቢሊዮን በላይ ግጭቶች ያልፋሉ።

ደረጃ 3፦ መረጃውን አውርዱ

የሰርን ክፍት የመረጃ ድረ ገጽ ላይ የ2012 የሁለት ሙዮን መረጃ አለ። «ደብል ሙ ፓርክድ» ብላችሁ ፈልጉ፤ ከዚያ ሙዮን ብቻ እንዲይዝ የተቀነሰውን፣ ናኖ ኤኦዲ በሚባለው ቅርጽ የተዘጋጀውን ምረጡ። ከ61 ሚሊዮን በላይ ኩነቶች አሉት፣ መጠኑ 2 ጊጋባይት አካባቢ ነው። ፓኬጅ የምትቆጥቡ ከሆነ ሁሉንም ማውረድ አያስፈልግም። አፕሩት የሚባለው የፓይተን ላይብረሪ ፋይሉን ከሩቅ ከፍቶ የምትፈልጉትን ክፍል ብቻ ያነባል። አንድ ሚሊዮን ኩነት ለልምምድ ይበቃል።

ለእያንዳንዱ ሙዮን አራት ነገር አንብቡ። ፒቲ፣ ማለትም ከጨረሩ መስመር ወደ ጎን የሚወጣው ሞመንተም። ፋይ፣ ማለትም በጨረሩ ዙሪያ ያለው ማዕዘን። ኢታ፣ ማለትም ሙዮኑ ወደ ጨረሩ ምን ያህል እንዳዘነበለ የሚነግር ቁጥር። እና ቻርጅ።

አሁን ሁለት ሙዮን ብቻ ያላቸውን፣ ቻርጃቸውም ተቃራኒ የሆነውን ለዩ። የጥንዱን ማስ አስሉ። የኢታዎቹን ልዩነት ኮሽ (ሃይፐርቦሊክ ኮሳይን) ውሰዱ፣ የፋዮቹን ልዩነት ኮሳይን ቀንሱበት። ውጤቱን በሁለቱ ፒቲ አባዙት፣ ከዚያ በ2። የወጣው የማሱ ስኩዌር ነው። ሂስቶግራሙን በሎጋሪዝም ስኬል ሳሉት።

በ3.1 ጂኢቪ (የቅንጣቶች ጉልበት፣ ሞመንተምና ማስ የሚለካበት አሃድ) ላይ ሹል ጫፍ ካያችሁ ጄ ፕሳይ የሚባለው ቅንጣት ነው። በ9.5 አካባቢ ኡፕሲሎን የሚባለው ሌላ ቅንጣት፣ በ91 ላይ ዜድ። ሦስቱም ቦታቸው ላይ ካልተገኙ ኮዳችሁ ውስጥ ስህተት አለ፤ ወደፊት አትሂዱ። በተረፈ በመካከል ሰፊ ጉብታ ስታዩ አዲስ ቅንጣት አገኘን ብላችሁ አትቸኩሉ። ይህ ፋይል ራሱ በትሪገር ያለፈ ነው። ጉብታውን የቀረጸው መቁረጫ ነጥቡ ሊሆን ይችላል። ይህን ነጥብ ያዙት፤ ደረጃ 6 ላይ ያስፈልገናል።

ደረጃ 4፦ መረጃውን አደብዝዙት

ያነበባችሁት መረጃ በጥንቃቄ፣ ሰፊ ጊዜ ተወስዶ የተሰላ ነው። የመጀመሪያው እርከን ይህ ቅንጦት የለውም። አሁን ባለው ሲኤምኤስ ውስጥ መሀል ላይ ያለውን፣ የቅንጣቶችን መንገድ የሚከታተለውን ትራከር እንኳ አያይም። የሚያየው ጉልበት የሚለካውን ካሎሪሜትርና የሙዮን ክፍሎቹን ብቻ ነው፣ ያውም በደበዘዘ ልኬት።

ስለዚህ አስመስሉት። የእያንዳንዱን ሙዮን ፒቲ በዘፈቀደ በ20 በመቶ አወዛውዙት። ከዚያ ቁጥሮቹን ወደ ሙሉ ቁጥር ለውጡ። የሲኤምኤስ የመጀመሪያ እርከን ፒቲን በ0.5 ጂኢቪ እርምጃ ነው የሚቆጥረው፤ 45 ጂኢቪ 90 ተብሎ ይጻፋል። ፋይን ደግሞ ሙሉውን ክብ በ576 ከፍሎ ይቆጥራል። የኢታ እርምጃው 0.010875 ነው።

ቀጥሎ ያለው እኔ በጣም የምወደው ክፍል ነው። ኤፍፒጂኤ ላይ ኮሽ፣ ኮሳይንና ስኩዌር ሩት ማስላት ጊዜ ይበላል። እንግዲያው አታስሉ።

ኮሽና ኮሳይንን አስቀድማችሁ በሰንጠረዥ አዘጋጁ። የፋይ ልዩነት ከግማሽ ክብ አይበልጥም፤ ስለዚህ 289 ቁጥር ይበቃል። ሙዮኖቹ ኢታቸው ከ2.4 የማይበልጥ ከሆነ ትልቁ ልዩነት 4.8 ነው፤ 442 ቁጥር ይበቃል። ሁለት ትናንሽ ሰንጠረዦች፣ አለቀ። የሰንጠረዡን ቁጥሮች በ1024 አባዝታችሁ አጠጋግቷቸው። ለምን 1000 አልሆነም? 1024 የ2 ርቢ ስለሆነ ነው፤ ማባዛቱና ማካፈሉ ቢት በማንሸራተት ብቻ ያልቃል።

ስኩዌር ሩቱንም ዝለሉት። «ማሱ ከ70 ይበልጣል ወይ» ብላችሁ ከመጠየቅ «የማሱ ስኩዌር ከ4900 ይበልጣል ወይ» ብላችሁ ጠይቁ። ቀመሩ ውስጥ በ2 ማባዛት ስላለ 4900ን ለ2 አካፍሉ፦ 2450። ፒቲ በግማሽ ጂኢቪ ስለሚቆጠር የሁለቱ ብዜት በ4 ይተልቃል፦ 9800። በ1024 ሲባዛ 10,035,200 ይሆናል። ጠቅላላው ጥያቄ ወደ አንድ ማወዳደር ወረደ፦ የሁለቱ ፒቲ ብዜት፣ በሰንጠረዥ ልዩነቱ ተባዝቶ፣ ከ10,035,200 ይበልጣል ወይስ አይበልጥም?

በእጅ ፈትሹት። ሁለት ባለ 45 ጂኢቪ ሙዮኖች ፊትና ጀርባ ሆነው ቢወጡ፣ የኢታ ልዩነታቸውም ዜሮ ቢሆን፣ ኮሽ 1 ኮሳይን ደግሞ ሲቀነስ 1 ነው፤ ልዩነቱ 2። 90 ሲባዛ 90 ሲባዛ 2፣ 16,200 ይመጣል። በ1024 ሳይባዛ ከነበረው ከ9800 ይበልጣል፣ ያልፋል። እውነተኛው ማስ 90 ጂኢቪ ነው፤ ትክክል።

ደረጃ 5፦ መቁረጫ ነጥቡ ስለት እንዳይመስላችሁ

ፒቲን 22 ጂኢቪ ላይ ቆረጥን ስንል ከ22 በታች ያለው ሁሉ ይወድቃል፣ በላይ ያለው ሁሉ ያልፋል ማለት አይደለም። ልኬቱ የደበዘዘ ስለሆነ እውነተኛ 20 የሆነው 23 ተብሎ ሊነበብ ይችላል፤ እውነተኛ 25 የሆነውም 21 ተብሎ ሊወድቅ።

ይህን በግራፍ ሳሉት። በአግድሙ እውነተኛውን ፒቲ፣ በቁመቱ ያለፉትን ድርሻ አድርጉ። ቀስ እያለ ወጥቶ ከላይ የሚተኛ መስመር ታገኛላችሁ። ተንታኞች ትንተናቸውን የሚጀምሩት መስመሩ ከተኛበት ቦታ ነው እንጂ ከመቁረጫ ነጥቡ ላይ አይደለም። በሲኤምኤስ የሁለተኛው እርከን ትሪገር 24 ጂኢቪ ላይ ሲቆርጥ ትንተናው ብዙ ጊዜ ከ26 የሚጀምረው ለዚህ ነው።

የባሰው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ዝቅተኛ ፒቲ ያላቸው ሙዮኖች ከከፍተኞቹ በጣም ይበዛሉ። ለልምምድ ብዛታቸው በፒቲ 5ኛ ርቢ ልክ ይቀንሳል እንበል። በ10 ጂኢቪ ያሉት በ22 ካሉት 50 እጥፍ በላይ ይሆናሉ። በ20 በመቶ ማወዛወዝ ብቻ ባለ 10 ጂኢቪ ሙዮን 22 ሊደርስ አይችልም፤ በጣም ይርቃል። ነገር ግን እውነተኛ ዲቴክተር አልፎ አልፎ ክፉኛ ይሳሳታል። ሙዮኑ ብረቱን ሲያቋርጥ አቅጣጫው ይዛባል፣ ቀጥ ያለ መንገድ የሄደ ይመስላል፣ ማግኔቱ ትልቅ ፒቲ ያለውን ብዙም ስለማያጎብጥ ቀጥ ያለ መንገድ ደግሞ ትልቅ ፒቲ ተብሎ ይነበባል።

ሞክሩት፦ ከ100 ሙዮን የ2ቱን ፒቲ በ3 አባዙ። 50 እጥፍ ከሆኑት 2 በመቶው ስንት ነው? አንድ እጥፍ። ማለትም በመቁረጫ ነጥቡ ላይ ካሉት እውነተኛ ሙዮኖች ጋር የሚተካከል የሐሰት ጎርፍ ከ10 ጂኢቪ ብቻ ይመጣል። 2 በመቶ ስህተት ትንሽ ይመስላል፤ በጀታችሁን ግን ድምጥማጡን ያጠፋዋል። ስለዚህ በሰከንድ የሚያልፈው ሲበዛባችሁ መቁረጫውን ከማሳደግ በፊት እነዚህን ጭራዎች፣ ማለትም ክፉኛ የተሳሳቱትን ልኬቶች፣ መቁረጥ ይቅደም። በኔ አስተያየት የመጀመሪያው እርከን ዋና ስራ ይኸው ነው።

ደረጃ 6፦ ቅልጥፍናውን ባልተነካ ሙዮን ለኩ

ቅልጥፍና ማለት ማለፍ ከነበረባቸው ውስጥ ያለፉት ድርሻ ነው። ችግሩ፣ በትሪገሩ ያለፉ ኩነቶችን ይዛችሁ የትሪገሩን ቅልጥፍና ብትለኩ ሁሌም መቶ በመቶ ይመጣል። የወደቁት እዚያ የሉማ! ፈተናውን ያለፉትን ብቻ ሰብስቦ ስንቱ አለፈ ብሎ እንደመጠየቅ ነው።

መፍትሔው ዜድ ቦዞንን መጠቀም ነው። ዜድ ወደ ሁለት ሙዮን ይፈርሳል። ትሪገሩን ያስነሳው አንደኛው ሙዮን ይሁን፤ ይህ ምስክር ነው። ሁለተኛው ምንም ሳይጠየቅ አብሮ የገባ ነው። የጥንዱ ማስ ከ81 እስከ 101 ጂኢቪ ከሆነ ሁለተኛውም እውነተኛ ሙዮን ለመሆኑ ጥሩ ማስረጃ አላችሁ። አሁን ሁለተኛውን ብቻ ጠይቁት፦ ትሪገሩን ያልፍ ነበር ወይ? ከ1000 ሁለተኛ ሙዮኖች 940 ካለፉ ቅልጥፍናው 94 በመቶ ነው፤ የስታቲስቲክስ ስህተቱ ወደ 0.75 በመቶ ይሆናል።

የወረደው ትንሽ ፋይል የትሪገር ውሳኔዎችን አልያዘም። ስለዚህ በደረጃ 4 የሰራችሁትን ትሪገር ፈትኑበት። ከዚያ ደፈር ካላችሁ በ2024 ወደ ተለቀቀው የ2016 መረጃ ሂዱ። እሱ ውስጥ እያንዳንዱ ኩነት በየትኛው ትሪገር እንዳለፈ ተጽፏል።

ደረጃ 7፦ በሰከንድ ስንት እንደሚያልፍ ገምቱ

ለዚህ ምንም ያልተመረጠ መረጃ ያስፈልጋል። ዲቴክተሮቹ በዘፈቀደ የተያዙ ኩነቶችን ሁሌም ትንሽ ትንሽ ያስቀምጣሉ። በነሱ ላይ ትሪገራችሁን አስኪዱና ያለፈውን ድርሻ በግጭቱ ብዛት አባዙ።

አንድ ጥቅል ቀለበቱን በሰከንድ 11,245 ጊዜ ይዞራል። 2,500 የሚጋጩ ጥቅሎች ካሉ በሰከንድ 28 ሚሊዮን ግንኙነት ይሆናል። 40 ሚሊዮን ያልሆነው ቀለበቱ ላይ ባዶ የሚተዉ ቦታዎች ስላሉ ነው። ከ1 ሚሊዮን የዘፈቀደ ኩነቶች 4 ቢያልፉ በሰከንድ 112 ያልፋል ማለት ነው። ግን 4 በጣም ትንሽ ቁጥር ነው፤ ስህተቱ 2 ነው፣ ስለዚህ መልሳችሁ 112 ሲደመር ሲቀነስ 56 ነው። በዚህ ላይ ተመስርቶ በጀት የሚያጸድቅ የለም። ተጨማሪ ኩነት ፈልጉ።

ደረጃ 8፦ ትሪገሮቹን ሰብስባችሁ ሜኑ ስሩ

አንድ ትሪገር ብቻውን አይሰራም። በሲኤምኤስ የመጀመሪያ እርከን ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ መስፈርቶች ጎን ለጎን ይሰራሉ፤ አንዱን ያሟላ ያልፋል። ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ የየራሳቸውን ብዛት አትደምሩ፤ አንድ ኩነት ሁለቱንም ሊያልፍ ይችላል፣ ሁለቴ አይቆጠርም። ሁለተኛ፣ ዝቅተኛ መቁረጫ ያለው መስፈርት ለካሊብሬሽን (ልኬትን ለማስተካከል) ካስፈለገ ካለፉት ከ1000 አንዱን ብቻ ያዙ።

ደረጃ 9፦ ሁለተኛው እርከን ላይ ርካሹን አስቀድሙ

እዚህ ጊዜው በሚሊሰከንድ ይለካል፣ ግን ተራ ኮምፒውተር ስለሆነ ሂሳቡ ዋጋ ያስከፍላል። በሰከንድ 100 ሺህ ኩነት ይገባል። እያንዳንዱ 300 ሚሊሰከንድ ቢወስድ 30 ሺህ ኮር ያስፈልጋችኋል። አሁን 10 ሚሊሰከንድ ብቻ የሚወስድ ቀላል ፍተሻ አስቀድሙ፤ ከአስሩ ዘጠኙን ይጥላል እንበል። አማካዩ 10 ሲደመር የ300 አንድ አስረኛ፣ 40 ሚሊሰከንድ ይሆናል። 30 ሺህ ኮር ወደ 4 ሺህ ወረደ፤ የለወጣችሁት ቅደም ተከተሉን ብቻ ነው። ሲኤምኤስ ከ2022 ጀምሮ የዚህን እርከን ስራ በከፊል ወደ ጂፒዩ አዙሯል። ኤልኤችሲቢ የሚባለው ሙከራ ደግሞ ባሰ፤ በዚያው ዓመት የሃርድዌሩን እርከን ጨርሶ አስወግዶ ሁሉንም ግጭት በቀጥታ ለጂፒዩ ሰጠ።

ደረጃ 10፦ ከዚህ በኋላ ኒውራል ኔትወርክ

ደረጃ 4 ላይ ያደረግነውን፣ ማለትም ቁጥርን ወደ ትንሽ ሙሉ ቁጥር ማውረድን፣ ለኒውራል ኔትወርክም ማድረግ ይቻላል። ኤችኤልኤስ4ኤምኤል የሚባለው ነጻ መሳሪያ የሰለጠነ ኔትወርክን ወስዶ ኤፍፒጂኤ የሚረዳው ኮድ ያደርገዋል። ክብደቶቹን ወደ ጥቂት ቢት አውርዱ፣ የማይጠቅሙትን ቁረጡ፣ ቺፑ ላይ ይገባ እንደሆነ እዩ። ሲኤምኤስ በ2024 በመጀመሪያው እርከን ላይ እንዲህ ያለ ኔትወርክ በስራ ላይ አውሏል። ስሙ አክሶሊትል ነው። አንድን ቅንጣት ለይቶ አይፈልግም፤ ከተለመደው ወጣ ያለውን ኩነት ያስቀራል።

አንድ ሌላ ዘዴ ግን ከኒውራል ኔትወርክ በፊት እንድትሞክሩ እመክራለሁ፤ ስካውቲንግ ይባላል። ሃሳቡ ይህ ነው፦ ሙሉውን ሜጋባይት ከማስቀመጥ ይልቅ ትሪገሩ ያሰላቸውን ጥቂት ቁጥሮች ብቻ አስቀምጡ። የእያንዳንዱ ኩነት መጠን በጣም ስለሚያንስ በዚያው ዲስክ ላይ እጅግ ብዙ ኩነት ይገባል። ያኔ መቁረጫ ነጥቡን ዝቅ ማድረግ ትችላላችሁ። በ70 ጂኢቪ መቁረጫችን የጠፉት ጄ ፕሳይና ኡፕሲሎን እንዲህ ባለው መንገድ ይመለሳሉ። በላፕቶፓችሁም አስመስሉት፦ ለእያንዳንዱ ጥንድ ማሱን፣ ሁለቱን ፒቲና ቻርጁን ብቻ ጽፋችሁ አስቀምጡና የፋይሉን መጠን ከመጀመሪያው ጋር አወዳድሩ።

በመጨረሻ ኮዳችሁ ውስጥ አንድ መስመር ጨምሩ። ከ10 ሺህ ኩነት አንዱን፣ ትሪገሩ ምንም ቢልም፣ ከነሙሉ መረጃው አስቀምጡ። መቁረጫ ነጥብ በቀየራችሁ፣ ሰንጠረዥ ባሻሻላችሁ ቁጥር አዲሱን ትሪገር መጀመሪያ በነዚህ ላይ አስኪዱት።